ያላወቀ ሰው ይምረጥን?
ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ ትምህርት

ምርጫ በተቃረበ ቁጥር በየአጥቢያው አንድ ጥያቄ ይነሣል። ስለ ተወዳዳሪዎቹ ምንም የማያውቅ ሰው ድምፅ መስጠት ይገባዋልን? ወይስ ከቤቱ ቢቀር ለሀገር ይሻላል? ጥያቄውን የሚያነሡት ብዙውን ጊዜ የተማሩት ናቸው፤ አላዋቂ ሲባልም የሚታሰቡት የገጠሩ ገበሬና ፊደል ያልቆጠረችው እናት ናቸው። እኛም ይህን ስንጽፍ በዐይነ ኅሊናችን የያዝነው በደቡብ ወሎ የወረባቦን ወረዳና ከተማዋን ቢስቲማን ነው።

ክርክሩ በሌላው ዓለምም የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በ1861 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ማንበብ የማይችል ሰው እንዳይመርጥ፣ የተማረው ደግሞ ከአንድ በላይ ድምፅ እንዲኖረው ተሟግቷል። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ለመራጮች የማንበብ ፈተና ይሰጥ ነበር። ፈተናው ዕውቀትን የሚመዝን ቢመስልም ጥቁሮችን ከምርጫ ማራቂያ ሆኖ ኖረ፤ የታገደውም በ1965 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ነው። ዕውቀት ይመዘን ሲባል መዛኙ ማን እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሀገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት ለሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ የመምረጥን መብት ሲሰጥ ማንበብን መስፈርት አላደረገም።

ፊደል አለማወቅና ጉዳይ አለማወቅ ልዩ ልዩ ናቸው። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በኀዘን የሚደጋገፉበትን ቅሬ ተመልከቱ። የቅሬውን ዳኛ ከሚመርጡት አባላት ብዙዎቹ አንባቢዎች አይደሉም፤ ነገር ግን ማን ለለቅሶ ፈጥኖ እንደሚደርስ፣ በማን እጅ የመዋጮው ገንዘብ እንደሚዘገይ፣ ማን ሳያዳላ እንደሚያስታርቅ አጥርተው ያውቃሉ። በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ዜና የሚሰማው ሰው ይህን አያውቅም። እናንተንም ለሰበካ ጉባኤ የመረጣችሁ ይኸው ምእመን ነው፤ ያን ጊዜ አላዋቂ አላላችሁትም።

ይህን ስንል አለማወቅ አይጎዳም ማለታችን አይደለም። ለቅሬ ዳኛ ጉርብትና ይበቃል፤ ለምክር ቤት አባል ግን አይበቃም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ መራጩ ለሁለት ምክር ቤቶች ድምፅ የሚሰጥባቸው ወረቀቶች ቀርበውለታል፤ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልሉ ምክር ቤት። የመጀመሪያው ለመላ ሀገሪቱ ሕግ ያወጣል፣ የፌዴራሉንም በጀት ያጸድቃል፤ የክልሉን ሕግና በጀት የሚወስነው ሁለተኛው ነው። ይህን ልዩነት ያልተረዳ መራጭ የጤና ጣቢያና የጠጠር መንገድ ጥያቄውን ለማን እንደሚያቀርብ አያውቅም። ድምፁን ሰጥቶ ከተመለሰ በኋላም የሚከታተለው ሰው አይኖረውም። በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳት ይህ ነው።

ሌላም አለ። በወረቀቱ ላይ የመወዳደሪያ ምልክት መኖሩ ማንበብ ለማይችል ሰው ታላቅ ርዳታ ነው፤ ዳሩ ግን ምልክቱን ብቻ ነግሮ መስደድም ቀላል ይሆናል። «እገሌ ያሉኝ ይህን ነው» ብሎ የሚገባ ሰው የራሱን ድምፅ ለሌላ ሰው አበድሯል። ያ ሰው የንስሐ አባቱ ሲሆን ነገሩ እጅግ ይከብዳል። የንስሐ ልጅ አባቱን እምቢ ማለት ይፈራልና፤ ሕግ በምስጢር ይሁን ያለው ድምፅ በኅሊናው ዘንድ ምስጢር መሆኑ ይቀራል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ሰባቱ ዲያቆናት የተመረጡበትን ሁኔታ እናስተውል። ቅሬታው የተነሣው ስለ መበለቶች የዕለት ምግብ ነበር። ሐዋርያት የሚመረጡት ሰዎች ምን ዓይነት ሊሆኑ እንደሚገባ ለጉባኤው አስረዱ፤ ስም ግን አልጠሩም። የመረጠው ጉባኤው ነው። ካህኑም መስፈርቱን ያስረዳ፤ ስሙን ለመራጩ ይተው።

ስለዚህ ያላወቀ ይቅር አንልም፤ ከምርጫው ቀን በፊት ይወቅ እንላለን። ጠይቆ የማወቅ ዕድል እያለው ችላ ያለ ሰው በጭፍን ምልክት ከሚያደርግ ቢተወው ይሻላል፤ ይህን ግን ራሱ ይወስን እንጂ ማንም ደጃፍ ላይ ቆሞ አይመልሰው። ስለ አንዱ ምክር ቤት ብቻ ያወቀም ያወቀውን ሞልቶ ሌላውን ባዶ መተው ይችላል።

የመራጮች ትምህርት መስጠት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ፈቃድ የሚጠይቅ ተግባር ስለሆነ፣ ሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ያላቸውን አስተማሪዎች ይጋብዝ። ቦታው ከዐውደ ምሕረት ውጭ፣ ቢቻል የቅሬው መሰብሰቢያ ይሁን፤ ሙስሊሙም ጎረቤት ያንኑ ትምህርት አብሮ ይስማ። ከሩቅ ቀበሌ ቢስቲማ ድረስ መምጣት ለአረጋውያን ስለሚከብድ አስተማሪው ወደ ቀበሌው ይውጣ። ሰዓቱ ሴቶች ውኃ ከሚቀዱበትና ገበያ ከሚወጡበት ጋር አይጋጭ። የማንም ፓርቲ ያልሆኑ ምልክቶች የተሣሉባቸው ሁለት የናሙና ወረቀቶች ተዘጋጅተው፣ የትኛው ለየትኛው ምክር ቤት እንደሆነ እያንዳንዱ በእጁ ይዞ ይለማመድባቸው።