የሕንዶች ቆሎ፤ ቺቭዳን በጥቂት ዘይት ስለ ማዘጋጀት

እህልን በእሳት አምሶ መብላት በብዙ አገር ከጥንት ጀምሮ የኖረ ልማድ ነው። በእኛ አገር ገብሱና ሽምብራው ተቆልቶ ቆሎ ይሆናል፤ በሕንድ አገርም ሩዙ፣ ሽምብራውና ኦቾሎኒው ታምሶ በቅመም ይለወስና ለእንግዳ ይቀርባል። ይህን ድብልቅ በምዕራብ ሕንድ፣ በተለይም በማሃራሽትራ ግዛት የሚኖሩ ሰዎች ቺቭዳ ይሉታል። የብርሃን በዓል የሚባለው ዲዋሊ ሲደርስ በየቤቱ ይሰናዳል፤ ናሺክ የምትባለው ከተማም በቺቭዳዋ የታወቀች ናት።

ስለ ሕንዶች ምግብ መጻፌ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በሃያኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ብዙ ሕንዳውያን መምህራን በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል፤ ከአያቶቻችን መካከልም ሂሳብንና ሳይንስን ከእነርሱ የተማሩ አሉ። መምህርን በትምህርቱ ብቻ ሳይሆን በማዕዱም ማወቅ መልካም ነው።

ቺቭዳ ከምን ይሠራል?

የቺቭዳ መሠረቱ ፖሃ የሚባለው ጠፍጣፋ ሩዝ ነው። ሩዙ ከነገለፈቱ በውኃ ይነከርና ይታመሳል፤ ቀጥሎም ተደቁሶ ወይም በመኪና ተዳምጦ ይሳሳል። አስቀድሞ እሳት ያየ ስለ ሆነ ዳግመኛ ብዙ ማብሰል አያሻውም። ከዚህ ጋራ ኦቾሎኒ፣ ተቆልቶ የተከካ ሽምብራ፣ ዘቢብ፣ ሰናፍጭ፣ ከሙን፣ እርድ፣ ቃሪያና የካሪ ቅጠል ይገቡበታል። የሚያስገርመው ግን ሁሉም ከሕንድ የተገኙ አለመሆናቸው ነው። ኦቾሎኒና ቃሪያ የአሜሪካ ተክሎች ናቸው፤ ወደ እስያ የተሻገሩት ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 አሜሪካ ከደረሰ በኋላ ነው።

ዘይቱ ለምን ይቀነሳል?

በገበያ የሚሸጠው ቺቭዳ ብዙውን ጊዜ በፈላ ዘይት ውስጥ ተጠብሶ የወጣ ነው። ስስ የሆነው ሩዝ ዘይቱን እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል። አንድ ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን 4 ኪሎ ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ቅባት 9 ይሰጣል። ስለዚህ ሁለት እፍኝ ቺቭዳ በመልክ አንድ ሆነው በሚሰጡት ኃይል እጅግ ሊለያዩ ይችላሉ።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት፣ በሕንድ አገር ከ70 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች የስኳር በሽታ ነበረባቸው። ልብን የሚጎዳውን ትራንስ ፋት ለመቀነስም የሕንድ መንግሥት ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ በምግብ ዘይትና ቅባት ውስጥ ከመቶ 2 እጅ እንዳያልፍ ደንግጓል። እንግዲህ የቤተሰቧ ጤና የሚያሳስባት እናት ምን ታድርግ? በበዓል ቀን ልጆቿን ከአያቶቻቸው ምግብ ትለይን? አይደለም፤ ምግቡን ከመተው አሠራሩን መለወጥ ይሻላል።

ይሁን እንጂ ዘይቱ ፈጽሞ ይቅር ማለት አይገባም። እርድን በቀዝቃዛ ውኃ ብንበጠብጠው ጥቂት ቆይቶ ይዘቅጣል፤ በሞቀ ዘይት ውስጥ ስንጨምረው ግን ዘይቱ ራሱ ብጫ ይሆናል። የእርድ ቀለምና የብዙ ቅመም መዓዛ የሚሟሟው በቅባት ነውና። በዚህ አሠራር የዘይቱ ሥራ መጥበስ ሳይሆን ቅመሙን ተሸክሞ ለእህሉ ማዳረስ ነው፤ ለዚህም 2 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል።

መጠኑ

ስስ ፖሃ 250 ግራም፤ ኦቾሎኒ 75 ግራም፤ የተቆላ የሽምብራ ክክ 75 ግራም፤ ዘቢብ 30 ግራም፤ ዘይት 2 የሾርባ ማንኪያ፤ ሰናፍጭና ከሙን አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ፤ እርድ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፤ ቃሪያ 2፤ የካሪ ቅጠል 15 ያህል፤ ጨው 5 ግራም። ለክኩ የእኛው የሽምብራ ቆሎ ተፈልፍሎና ተከክቶ ያገለግላል። ፖሃ ባይገኝ ሕንዶቹ ራሳቸው የፈነዳ ሩዝ ይጠቀማሉ፤ የካሪ ቅጠል ካልተገኘ ይቀራል።

አሠራሩ

1ኛ፤ ፖሃውን በወንፊት ነፍቶ ደቃቁን ማስወገድ። ከዚያም በሰፊ መጥበሻ፣ በለስላሳ እሳት፣ ያለ ዘይት ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ማመስ። መልኩ ሳይለወጥ በጣት ሲጫኑት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። በኃይል ቢያማስሉት ይደቃል።

2ኛ፤ ኦቾሎኒውን ለብቻው 10 ደቂቃ ያህል መቁላት፤ ሲበርድ በእጅ አሽቶ ገለፈቱን በሰፌድ ማንገዋለል።

3ኛ፤ የሽምብራውን ክክ 2 ደቂቃ ብቻ ማሞቅ።

4ኛ፤ ዘይቱን አሙቆ ሰናፍጩን መጨመር። መንጣጣት ሲጀምር ከሙኑን፣ የተከተፈውን ቃሪያና ውኃው በደንብ የደረቀለትን የካሪ ቅጠል ማግባት። ቅጠሉ ሲደርቅ መጥበሻውን ከእሳት አውርዶ እርዱን መጨመር፤ እርድ ቶሎ ያርራልና።

5ኛ፤ የታመሰውን ሁሉና የደቀቀውን ጨው በቅመሙ ላይ ገልብጦ በዝግታ ማዋሐድ፤ በለስላሳ እሳት 3 ደቂቃ ያህል አቆይቶ ማውጣትና ዘቢቡን መቀላቀል።

6ኛ፤ ፈጽሞ ከበረደ በኋላ በደረቅ ጣሳ ከድኖ ማስቀመጥ። በትኩሱ ከተከደነ እንፋሎቱ ወደ ውኃ ጠብታ ይለወጥና ቺቭዳው ይለዝባል።

ሁሉም ለየብቻው የሚታመሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ፖሃ እንደ ቅጠል ስስ ነው፤ ኦቾሎኒ ግን ወፍራም በመሆኑ ሙቀቱ እስከ ውስጡ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል። ባንድነት ቢታመሱ ኦቾሎኒው ሳይበስል ፖሃው ያርራል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት በመጥበሻም ላይ ይሠራል።

ሊጠነቀቁት የሚገባ ነገር

እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች ሞቱ። ምክንያቱ ሲመረመር በመኖአቸው ውስጥ የነበረው ኦቾሎኒ ሻግቶ ኖሮ፣ ሻጋታው የፈጠረው መርዝ ተገኘ፤ በኋላም አፍላቶክሲን ተባለ። ይህን መርዝ መቁላት ፈጽሞ አያጠፋውም። ስለዚህ የሻገተውን፣ የጨረመተውንና የመረረውን ፍሬ አስቀድሞ ለቅሞ መጣል ያስፈልጋል። ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ሙሉ ኦቾሎኒ መስጠት አደገኛ ነው፤ ጉሮሮአቸውን ሊዘጋ ይችላል። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰውም ፈጽሞ መቅመስ የለበትም።

ስለ ልክ

ከላይ በተነገረው መጠን የሚሠራው ቺቭዳ 30 ግራም እየተደረገ ለ15 ሰው ያህል ይበቃል። በእያንዳንዱ ድርሻ ውስጥ ዘይቱ 2 ግራም ገደማ፣ ጨውም የግራም ሲሶ ያህል ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው እንዲበላ ይመክራል፤ ስለዚህ ይህ ድርሻ አያሰጋም። ነገር ግን ጣሳውን ይዞ እስኪያልቅ ለሚበላ ሰው ይህ ስሌት ዋጋ የለውም። ፖሃም ያው ሩዝ በመሆኑ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው እንደ ሌላው እህል ሊቆጥረው ይገባል።

እንግዲህ አንድን ምግብ ጤናማ የሚያሰኘው ስሙ ወይም አገሩ አይደለም፤ የእህሉ ንጽሕና፣ የእሳቱ ልዝብነትና የእጃችን ልክ ነው። ይህንም ለቺቭዳ የተማረ ሰው ለገዛ ቆሎውም ያውለዋል።