ሰብስቦ መደበቅና ሰብስቦ መክፈት



ሰቆጣችን ድሮ ትልቅ የአሞሌ ጨው ገበያ ነበረች። ሙስሊም ነጋዴዎችም በዚያ ንግድ ብዙ ሀብት አንቀሳቅሰዋል። አሞሌ ራሱ እንደ ገንዘብ ይቆጠር ነበር፤ ዛሬ ግን ወጥ ማጣፈጫ ብቻ ነው። ታዲያ አላህ ሀብት የሰጠው ሰው ምን ቢሰበስብ ይቆይለታል?

ሐረር ያሉትን አብዱላሂ ዐሊ ሸሪፍን እንመልከት። ከበርቴ ነጋዴ አልነበሩም። ግን ለብዙ ዓመታት ጊዜያቸውንና ገንዘባቸውን አውጥተው በእጅ የተጻፉ ቁርኣኖችንና ኪታቦችን፣ የድሮ ሳንቲሞችን፣ ጎራዴዎችን፣ ጌጣጌጦችን፣ የሐረሪ ዘፈን የተቀዳባቸውን ካሴቶች ሳይቀር ሰበሰቡ። የተቀዳደደ ኪታብ መጠገንና በቆዳ መደጎስም ተማሩ፤ ሐረር ጥንት በዚህ ሙያ ስመ ጥር ነበረች። መጀመሪያ ለጎብኚ የከፈቱት መኖሪያ ቤታቸውን ነው። በኋላ የክልሉ መንግሥት የራስ ተፈሪን ቤት ሰጣቸው፤ የሸሪፍ ሙዚየም ዛሬ እዚያ ነው። ለውጭ ገዢ አንድ በአንድ ቢቸበችቡት ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?

በሀብት ከእሳቸው እጅግ ይበልጡ የነበሩት የኩዌቱ ሼኽ ናስር ሰባሕም የኢስላም ጥበብ ዕቃዎችን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1983 በብሔራዊ ሙዚየሙ ለሕዝብ እንዲታይ ሰጥተዋል። በ1990ው ወረራ ዕቃው ተጭኖ ባግዳድ ተወሰደ፤ አብዛኛው በኋላ ተመልሷል።

“ዋግ ላይ ሰው እየራበው ስለ አሮጌ ዕቃ ታወራላችሁ?” የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ከአበርገሌና ከፃግብጂ ተፈናቅሎ የመጣ ጎረቤት እያለ፣ ዘካ ሳያወጣ ቅርስ የሚገዛ ሰው ቅደም ተከተሉን አበላሽቷል። ለንግድ ያልተያዘ ኪታብ ወይም ምንጣፍ ዘካ የለበትም። የተከማቸ የወርቅ ሳንቲም ግን “ቅርስ ነው” ስላልን አያመልጥም፤ 85 ግራም ከደረሰና ዓመት ከሞላው 2.5 በመቶ ይወጣበታል። የብር ማዕድን ከሆነ መነሻው 595 ግራም ነው።

ከዘካ በኋላ ወቅፍ አለ። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) ኸይበር ላይ ምርጥ መሬት ሲያገኙ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) አማከሩ፤ ከዚያም መሬቱ እንዳይሸጥና እንዳይወረስ፣ ፍሬው ግን ለድሃ፣ ለዘመድና ለመንገደኛ እንዲውል አደረጉ። ኪታብም እንዲሁ ወቅፍ ይደረጋል፤ ማንም አይሸጠውም፣ ሁሉም ይቀራበታል።

አያቶቻችሁ ቤት ግድግዳ ላይ በቆዳ ማኅደር የተንጠለጠለ ኪታብ ካለ፣ ገዢ ሳይመጣ በፊት ዛሬ ከሶላት በኋላ ጠይቋቸው። ከማን ወረሱት? ማን ይቀራበት ነበር? በፕላስተር አትለጥፉት፤ ከእርጥበትና ከምድጃ ጭስ አርቁት። በስልካችሁ ስታነሱት ደግሞ የመጨረሻውን ገጽ እንዳትዘሉ፤ የጻፈው ሰው ስምና የሂጅራው ዓመት ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።