ለዘር ድንች ብርሃን እንጂ ፀሐይ አያስፈልገውም
ለመካነ ሰላም ዙሪያና ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ቀበሌዎች አርሶ አደሮች የተዘጋጀ ምክር

የክረምቱን ድንች ቆፍረው ለበልግ ወይም ለሚቀጥለው ሰኔ ዘር የሚያስቀሩ ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ ድንቹን በጆንያ አስረው ቤት ጥግ ያኖሩታል፤ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ያቆዩታል። በመትከያው ጊዜ ሲያወጡት ጉንቁሉ ቀጥኖ፣ ነጥቶና እርስ በርሱ ተጠላልፎ ያገኙታል። ሲነኩት ይሰበራል። ድንቹም የተሰበረውን ለመተካት ስንቁን ደግሞ ያወጣል፤ ማሳው ላይ አበቃቀሉ ወጥ አይሆንም፤ ምርቱም ይቀንሳል። ይህን ጉዳት በአቀማመጥ ብቻ መከላከል ይቻላል።

ብርሃን ጉንቁሉን ለምን ያሳጥረዋል?

ጨለማ ውስጥ ያለ ጉንቁል አፈር ውስጥ እንደተቀበረ ሁሉ ብርሃን ፍለጋ ይረዝማል፤ ስንቁንም በዚያው ይጨርሳል። ብርሃን ሲያገኝ ግን መርዘሙን ይገታል፤ ይወፍራል፤ አረንጓዴ ይሆናል። በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ካሉት ቀለማት መርዘምን በመግታት ሰማያዊው ጎልቶ ይታወቃል። ተክል ይህን ቀለም ክሪፕቶክሮም በሚባል ፕሮቲን ይለየዋል። በቤት ውስጥ በኤልኢዲ መብራት ሰብል የሚያሳድጉ ድርጅቶችም ከ400 እስከ 500 ናኖሜትር ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ከቀዩ ጋር የሚቀላቅሉት ችግኙ እንዳይሰልል ብለው ነው። ሰማያዊው ከመጠን ካለፈ ደግሞ ተክሉ ይቀጭጫል፤ ቅጠሉም ያንሳል።

እርስዎ ለዚህ መብራት መግዛት አያስፈልግዎትም። የሰማዩ ሰማያዊ ቀለም በአየር ውስጥ የተበተነ የፀሐይ ብርሃን ነው። ስለዚህ ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት፣ ሰማይ ግን ወለል ብሎ የሚታይበት ጥላ ሰማያዊ ብርሃን አይጎድለውም። የዛፍ ጥላ ከዚህ ይለያል፤ ቅጠሉ ሰማያዊውንና ቀዩን ስለሚያስቀር ከሥሩ ያለ ቡቃያ ይሰልላል።

መቀመጫው በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ የሆነው ዓለም አቀፉ የድንች ማዕከል በብዙ አገሮች ያስፋፋው፣ በአገራችንም የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ሲያስተዋውቀው የቆየው ብርሃን አስገቢ የዘር ድንች ማከማቻ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ማከማቻውን እንዴት ይሠሩታል?

1. ነፋስ የሚያገኘው፣ ውሃ የማይተኛበት ቦታ ይምረጡ። ረጅሙ ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሁን፤ የጠዋትና የማታ ፀሐይ በአብዛኛው በአጭሩ ጎን ይመታዋል።
2. ጣሪያውን በሣር ይክደኑ፤ ሣር ከቆርቆሮ ይልቅ ያቀዘቅዛል። በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ክፈፉን በተለይ በደቡብ በኩል ያስረዝሙት።
3. ግድግዳውን አይምረጉት። እንጨቱን አራርቀው ይምቱ፤ ብርሃንና ነፋስ ይግባበት።
4. ውስጡን በርብራብ ቆጥ ይደርድሩ። የመጀመሪያው ቆጥ ከመሬት ከፍ ይበል።
5. ድንቹን ከሁለት እስከ ሦስት ድርብ ብቻ ያስቀምጡ። ከዚያ በላይ ከተከመረ ታችኛው ጨለማ ውስጥ ይቀራል።

ቦታ ያጠረው ሰው በቤቱ ሰፊ ክፈፍ ሥር፣ ፀሐይና ዝናብ በማይደርስበት ግድግዳ ላይ ሁለት ቆጥ ቢሠራ ይበቃዋል።

ምን ዓይነት ድንች ይግባ?

ጤናማ፣ ያልተቆረጠ፣ የእንቁላል ያህል መጠን ያለው ድንች ይምረጡ። ተክሉ በአጠውላጊ በሽታ ከተጠቃበት ማሳ የተገኘ ድንች ለዘር አይቀመጥ። በለጠ፣ ጉደኔ ወይም ጃለኔ ካለዎት ዝርያዎቹን በየቆጡ ለይተው ያኑሩ። በየሳምንቱ እየፈተሹ የበሰበሰውንና የድንች ትል የገባበትን ያውጡ። በውርጭ ጊዜ ማከማቻውን ማታ ማታ በጆንያ ወይም በሣር ይከልሉ፤ ጠዋት ይግለጡት። ጉንቁሉ ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ሲሆን፣ አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ከሆነ ለተከላ ደርሷል።

ጥብቅ ማስጠንቀቂያ

ብርሃን ያገኘ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፤ ሶላኒን የተባለ መርዝም ይጨምራል። መቀቀል አያጠፋውም። ስለዚህ ከዘር ማከማቻ የወጣ ድንች ለሰውም ለከብትም አይሰጥ። የሚበላውን ድንች ግን ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ። ሁለቱን በአንድ ቦታ ፈጽሞ አያኑሩ፤ ልዩነቱንም ለቤተሰቡ ሁሉ ይንገሩ።

ይህ የብርሃን ነገር ለችግኝ መደብም ይሠራል

የጎመን፣ የቃሪያና የቲማቲም መደብ ላይ የተደረገ ዳስ ችግኙ ከበቀለ በኋላ ቀስ በቀስ መሳሳት አለበት። ከመዛወሩ በፊት ባለው ሳምንት ሙሉ ብርሃን ይልመድ። በዛፍ ሥር መደብ አያውጡ።

ዘንድሮ ሁሉንም ዘር ወደ ቆጥ ማዛወር ባይችሉ ከፊሉን ያዛውሩ። የቆጡንና የጆንያውን ዘር ጎን ለጎን ተክለው አበቃቀሉንና ምርቱን ያነጻጽሩ። ለአሠራሩ የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ ያማክሩ፤ ውጤቱንም ለጎረቤትዎ ያሳዩ። ድንቹን ሳይቆፍሩ ቆጡን ያዘጋጁ።