በሁለት አገር ተማሪዎች አንድ የሥራ ፈጠራ ቡድን፦ ለመምህራን የአሠራር መመሪያ

ሥራ ፈጠራ በማስታወሻ ብቻ አይለመድም፤ ከማያውቁት ሰው ጋር ተግባብቶ መሥራትን ይጠይቃል። የኒውዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2006 እ.ኤ.አ. ማዕከል ያቋቋመለት «ኮይል» የተባለው አሠራር የተለያዩ አገሮችን ተማሪዎች በበይነ መረብ አጣምሮ ያስተምራል። ቪዛም ሆነ የአውሮፕላን ትኬት አያስፈልግም። አዲስ አበባ ሆነው ኒውዮርክ ካለ መምህር ጋር ሊጀምሩ ካሰቡ እንዲህ ያድርጉ።

1. ከተጣማሪ መምህርዎ ጋር በጽሑፍ ይስማሙ። ስድስት ሳምንት ይበቃል። ማርኩ በሁለቱም ወገን እኩል ይሁን፤ በአንዱ 30፣ በሌላው 5 በመቶ ከተያዘ ሸክሙ በአንድ ወገን ላይ ይወድቃል።

2. ሰዓቱን አስቀድመው ይቁረጡ። በመስከረም ኒውዮርክ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። አሜሪካኖች ጥቅምት መገባደጃ ላይ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ ያው ቀጠሮ ለእኛ ወደ ምሽቱ 12 ሰዓት ይሸጋገራል። ለውጭዎቹ ሲጽፉ 11 ሰዓትን 17:00 ብለው ይጻፉ።

3. በየቡድኑ አራት ተማሪዎች ይመድቡ፤ ከየአገሩ ሁለት ሁለት። አንዱ ኔትወርክ ቢቋረጥበት ሌላው ስብሰባውን ይቀጥላል።

4. የመጀመሪያውን ሳምንት ለትውውቅ ይተዉት። ተማሪዎቹ የሰፈራቸውን ገበያ በአጭር ቪዲዮ ያሳዩ። ከዚያ የቡድን ውል ይጻፉ፦ በቴሌግራም ነው በኢሜይል የሚገናኙት? መልስ በስንት ሰዓት ውስጥ ይሰጣል? ቃለ ጉባኤ ማን ይይዛል?

5. ሁለቱም ከተሞች የሚጋሩትን ችግር ያስመርጡ፤ ለምሳሌ ሳይሸጥ የሚበላሽ አትክልት። እያንዳንዱ ተማሪ በከተማው አምስት ነጋዴዎችንና ሸማቾችን ያነጋግር። ያገኙትን አሌክሳንደር ኦስተርዋልደር ባስተዋወቀው፣ ዘጠኝ ክፍሎች ባሉት የቢዝነስ ሞዴል ሠንጠረዥ ላይ አብረው ያስፍሩ። የሁለቱም ከተማ መረጃ ያልገባበትን ሥራ አይቀበሉ። የመመሪያው ዋና ቁልፍ ይህ ነው፤ አንዱ ወገን ብቻውን ሊጨርሰው የሚችለው ሥራ የቡድን ሥራ አይሆንም።

6. የማርኩን ግማሽ ለሐሳቡ፣ ግማሹን ለአብሮ መሥራቱ ይስጡ። አንዱ ሠርቶ ሌሎቹ ስማቸውን እንዳያስገቡ አባላቱ እርስ በርስ በምስጢር ይገማገሙ። «ሐሳባችን አያዋጣም» ብሎ በመረጃ ያረጋገጠ ቡድንም ሙሉ ማርክ ሊያገኝ ይገባል፤ ገንዘብ ሳይፈስ ይህን ማወቅ የሥራ ፈጣሪ ትልቅ ሙያ ነውና።