የበረዶ ጥላ ቀለሙ ምንድን ነው?

በእኛ በፃግብጂ «በረዶ» ሲባል የገበሬው ልብ ይደነግጣል፤ በክረምት እንደ ጠጠር የሚወርደው በረዶ ቡቃያውን ደብድቦ ያጠፋልና። ስለዚህ አንድ የበረዶ ሥዕል በመጽሐፍ ላይ ባሳየኋቸው ጊዜ አባቴ፣ «ልጄ፣ ጥፋትን ደግሞ ማን ይሥለዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ለጥያቄያቸው መልስ እንዲሆን ነው።

ሥዕሉ «ላ ፒ» ይባላል። ይህም ላባዋ ጥቁርና ነጭ የሆነ፣ የቁራ ዘመድ የሆነች የአንዲት ወፍ ስም ነው። የሣለው ፈረንሳዊው ክሎድ ሞኔ ሲሆን፣ ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1868 እና በ1869 መካከል የነበረው የብርድ ወራት፣ ስፍራውም በኖርማንዲ አውራጃ የኤትርታ አካባቢ ነው። ቁመቱ 89፣ ስፋቱ 130 ሴንቲሜትር ነው።

በሥዕሉ ላይ ሰው አይታይም። ሜዳው፣ የጭራሮው አጥርና የቤቱ ጣሪያ በረዶ ለብሰዋል፤ ወፊቱም በአጥሩ በር ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ይህ በረዶ እንደ እኛው ጠጠር አይደለም፤ እንደ ባዘቶ ለስላሳ ሆኖ ቀስ እያለ የሚወርድ ነው። በቋንቋችን ሁለቱም በአንድ ስም ስለሚጠሩ አባቴ ያሰቡት የእኛውን ነበር።

ዋናው ቁም ነገር ግን ጥላው ነው። ፀሐይዋ ከአጥሩ ወዲያ ስለ ሆነች የአጥሩ ጥላ ወደ ተመልካቹ ወድቋል፤ ቀለሙም ጥቁር ሳይሆን ሰማያዊ ነው። ምክንያቱ ምንድን ነው? ጥላ ማለት የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ ያልደረሰበት ስፍራ ነው። ሆኖም ከጠራው ሰማይ የሚመጣው ሰማያዊ ብርሃን ይደርሰዋል፤ በረዶውም ነጭ ስለ ሆነ የተቀበለውን ቀለም መልሶ ያሳያል። ሞኔ ከልማድ ይልቅ ዓይኑን አምኖ ሣለ።

የፓሪስ ታላቅ የሥዕል ትርኢት ዳኞች ግን በ1869 ሥዕሉን አልተቀበሉትም። ሞኔና ጓደኞቹ በ1874 የራሳቸውን ትርኢት ከፈቱ፤ «ኢምፕሬሽኒስት» የሚለው ስምም ያን ጊዜ ወጣላቸው። ያ የተናቀ ሥዕል ዛሬ በፓሪስ የኦርሴ ሙዚየም ሀብት ነው።

ይህን ለመፈተን ፈረንሳይ አገር መሄድ አያስፈልግም። ሰማዩ በጠራ ቀን የታጠበ ነጭ ነጠላ በፀሐይ ላይ ዘርጉ፤ በአጠገቡ በትር ትከሉና ጥላው ያረፈበትን ፀሐይ ከመታው ጋር አስተያዩ። እኛም በጓሯችን ሞከርነው። አባቴ ጎንበስ ብለው ብዙ ከተመለከቱ በኋላ፣ «እውነትም ሰማዩ ወርዶበታል» አሉ። እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ጥላ ሁሉ ጥቁር ነው ከማለታችን በፊት አስቀድመን እንመልከት።