ክራር ስንት ድምፅ ባንድ ላይ ያሰማል?

በእንፍራንዝም ሆነ በሌላው የጣና አካባቢ ሠርግ ሲደገስ ማሲንቆና ክራር እንሰማለን። የማሲንቆ አውታር አንድ ብቻ ነው፤ የሚሠራውም ከፈረስ ጭራ ነው። ክራር ግን ብዙውን ጊዜ ስድስት አውታር አለው። ስለዚህ ብዙ ድምፆችን ባንድ ላይ ያሰማል። ባንድ ላይ ተሰምተው የሚስማሙ ድምፆች ኮርድ ይባላሉ።

ኮርድ እንዴት ይገኛል? ክራራችንን በትዝታ እንቃኝ። ትዝታ አምስት ድምፆች አሉት። ከወፍራሙ ጀምረን ወደ ቀጭኑ እንቁጠራቸው። ስድስተኛው አውታር አንደኛውን ድምፅ አቅጥኖ ይደግመዋል። አባትና ትንሽ ልጁ አብረው ሲዘፍኑ የአባት ድምፅ ወፍራም፣ የልጅ ድምፅ ቀጭን ነው፤ ዜማው ግን አንድ ነው። ይህም እንደዚያ ነው።

አሁን ሁለተኛውንና አምስተኛውን አውታር በግራ እጃችን ጣቶች እናፍን። በቀኝ እጃችን ሁሉንም ባንድ ጊዜ እንምታ። የታፈኑት ዝም ይላሉ፤ አንደኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው ይሰማሉ። በጊታርና በፒያኖ ሜጀር የሚባለው ኮርድ ይኸው ነው።

ቀጥለን ሦስተኛውን አውታር በጥቂቱ እናላላው። ሙዚቀኞች ልኩን ግማሽ ድምፅ ይሉታል። እንደገና ስንመታ ሐዘን ሐዘን ይላል። ይህ ደግሞ ማይነር ነው። አንድ አውታር ጥቂት ቢላላ የዘፈን ስሜት ይለወጣል ማለት ነው።

ከትዝታ ሌላ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉ ቅኝቶች አሉ። ሁሉም አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። ነገር ግን አንዱ ኮርድ ለሁሉም አይሆንም። በአምባሰል ከአንደኛው ድምፅ ብንነሳ የኮርዱን መካከለኛ ድምፅ አናገኝም። በግድ ብንጨምረው ቅኝቱ ይበላሻል። የጅማው ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ቅኝቶቻችንን ከውጭ አገር ኮርዶች ጋር አዋሕዷል። ሥራው ኢትዮ ጃዝ ይባላል። ይህን ለማድረግ ሁለቱንም ማወቅ ያስፈልጋል።

አዝማሪ ብዙ ዘመን ተንቆ ኖሯል። ሆኖም አውታሩን በጆሮው ለክቶ የሚቃኝ ሰው ባለ እውቀት ነው። በቃል ብቻ የተያዘ እውቀት ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ይቀበራል። እኛ ፊደል የቆጠርን ሰዎች ከባለሙያው ጠይቀን ብንጽፈው ግን ለልጆቻችን ይደርሳል።

መልመጃ
፩. ማሲንቆና ክራር በምን ይለያያሉ?
፪. በአካባቢያችሁ ያለ ክራር መቺ ቅኝት ሲለውጥ የትኞቹን አውታሮች ያጠብቃል? የትኞቹንስ ያላላል? ጠይቃችሁ ጻፉ።