ስለ ዶሮ ላባ መርገፍ ለሹማምንትና ለባለመሬቶች የቀረበ ትምህርት

ዶሮ በባላገር ቤት የእመቤቲቱ ገንዘብ ናት። ጨው የሚገዛው፥ የልጅ ደብተር የሚገኘው፥ የበዓል እንግዳ የሚከበረው ከእርስዋ ነው። ከብት ሲሞት ወይም እህል ሲበላሽ ለሹም አቤት የሚል ብዙ ነው፤ ዶሮ ላባዋን አርግፋ እንቁላል ስታቋርጥ ግን ነገሩ ከጓሮ አይወጣም። ሹማምንት ይህን እንደ ቀላል ነገር ቈጥረው እንዳያልፉት፥ ምክንያቱንና መከላከያውን ባጭሩ እንገልጣለን።

ከሁሉ አስቀድሞ፥ የላባ መርገፍ የልዩ ልዩ ነገር ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ አንድ በሽታ አይደለም። ምክንያቱን ሳይመረምሩ ዶሮይቱን ማረድ ወይም መድኃኒት መንስነስ፥ ምስክር ሳይሰሙ እንደ መፍረድ ነው። ምስክሩም ላባው የረገፈበት ስፍራ ነው።

1ኛ፤ ላባ መለወጥ። ዶሮ አንድ ዓመት ካለፋት በኋላ በየዓመቱ አሮጌ ላባዋን ጥላ አዲስ ታበቅላለች። መርገፉ ከራስና ከአንገት ይጀምርና ወደ ደረት፥ ወደ ጀርባ፥ ወደ ክንፍና ወደ ጅራት ይወርዳል። ቆዳዋ ንጹሕ ነው፤ እንደ እሾህ የሾለ አዲስ ላባም ሲወጣ ይታያል። ነገሩ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ስለሚፈጅና እንቁላልም ስለሚቋረጥ፥ መካን ሆነች ተብላ ብትታረድ ከንቱ ጥፋት ነው፤ ታግሠው ቢመግቧት ተመልሳ ትጥላለች። ላባ ከመቶ 85 እጅ የሚበልጠው ፕሮቲን የሚባለው ገንቢ ነገር ነው። ስለዚህ ከእህሉ ጋራ የኑግ ፋጉሎ፥ የተቀቀለ ባቄላ፥ ምስጥና ትል ማግኘት ይገባታል።

2ኛ፤ አውራ ዶሮ። የረገፈው ከጀርባና ከማጅራት ብቻ ከሆነ፥ አውራው ሲሰርራት በጥፍሩና በአፉ የነቀለው ነው። ለ10 ሴት ዶሮ አንድ አውራ ይበቃልና ትርፉን መሸጥ ነው። የታቀፈች ዶሮ ደግሞ የደረትዋ ላባ ቢሳሳ አያስደነግጥም።

3ኛ፤ መነቋቆር። ከጅራት በላይና በፊንጢጣ ዙሪያ ረግፎ ቁስል ከታየ፥ ዶሮዎቹ እርስ በርሳቸው ተነቋቁረዋል። ይህም የሚመጣው ከቤት ጥበትና ከምግብ ጕድለት ነው። ደም ካዩ አይተዉምና የቆሰለችውን ቶሎ መለየት፥ ቤቱን ማስፋት፥ የሚነቅሱትም እንዲያገኙ የጎመን እስር ማንጠልጠል ይገባል።

4ኛ፤ ቅማልና ቅንቅን። ቅማል ከሰውነትዋ አይለይም፤ በፊንጢጣዋ ዙሪያና በክንፍዋ ሥር ላባውን ገልጦ ያየ ሰው ነጭ ቅጫም ያገኛል። ቀዩ ቅንቅን ግን ቀን በቆጡ ስንጥቅ ተደብቆ ውሎ ሌሊት ወጥቶ ደምዋን ይመጥጣል፤ ፊትዋም ይገረጣል። በቀን ቢፈልጉት በዶሮይቱ ላይ ላይገኝ ስለሚችል፥ ሌሊት መብራት ይዞ ቆጡን መመርመር ነው። ኩሱን አውጥቶ ቆጡን በፈላ ውሃ ማጠብ፥ የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ መምረግ፥ ዶሮዎቹም የሚንከባለሉበት ደረቅ አሸዋና አመድ ማዘጋጀት ይጠቅማል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እንዳይተርፍ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ሥራው ይደገም። ቅንቅን ሳይበላ ብዙ ወር ይኖራልና፥ ቤቱን ለጥቂት ሳምንት ባዶ መተው ብቻ አያጠፋውም።

በዚህ ላይ አጥብቀን የምናስጠነቅቀው አንድ ነገር አለ። ለሰብል ተባይ የተሠራ መርዝ በዶሮ ላይ ፈጽሞ አይነስነስ። መርዙ በቆዳዋ ገብቶ ወደ እንቁላሉ ሊያልፍ ይችላል፤ እንቁላሉንም የሚበላው ልጅ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው እንዳይሆን፥ መድኃኒት ካስፈለገ ለዶሮ የተፈቀደውን የእንስሳት ሐኪም ይዘዝ። እንዲሁም ዶሮዎች አንገታቸው ቢጠመዘዝ፥ አረንጓዴ ቢያስቀምጣቸውና ተከታትለው ቢሞቱ፥ ነገሩ የላባ ሳይሆን ፈንግል ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ለሐኪም ይነገር።

እንግዲህ ሹማምንትና ባለመሬቶች ይህን ትምህርት በየስብሰባውና በየገበያው እንዲያስነግሩ እናሳስባለን። ነገር ግን ለአባወራው ብቻ ተነግሮ የቀረ እንደ ሆነ ሥራ ላይ አይውልም። ማለዳ የዶሮውን ቤት የምትከፍተው፥ ማታም የምትዘጋው ሴቲቱ ናትና፥ ትምህርቱ ለእርስዋ ይድረስ።